የመብራትን ዑደት ለልጆች በእጅ ሥራ ስለ ማስተማር
ለእምድብርና በዙሪያዋ ላሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራን የተጻፈ ምክር

ትምህርት ወደ ልጅ ልብ የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ጆሮ፥ ዐይንና እጅ ናቸው። በጆሮ ብቻ የገባው ቃል ብዙ ጊዜ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። በዐይን የገባው ጥቂት ይቆያል። በእጅ ተሠርቶ የገባው ግን ልጁ አድጎ እስኪሸመግል ድረስ አብሮት ይኖራል። ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ልጁን እርሻ የሚያስተምረው ዕርፉን አስጨብጦ ነው እንጂ ስለ ዕርፍ በመናገር አይደለም። የጉራጌ እናትም ለልጅዋ የእንሰት ፋቂን ሥራ ስታስተምር መፋቂያውን ታስይዛታለች እንጂ ስሙን አታስጠናትም።

የኤሌክትሪክ ትምህርት ግን በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን እስካሁን በጆሮ በር ብቻ ሲገባ ይታያል። ይህን የሚጽፈው ሰው ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ገብቶ ተማሪዎቹን «የኤሌክትሪክ ዑደት ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሁሉም በአንድ ድምፅ ትርጓሜውን ሳያጓድሉ አነበነቡለት። ከዚህ በኋላ አንድ የባትሪ ድንጋይ፥ አንድ ትንሽ አምፖልና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ሰጥቶ «አብሩልኝ» ቢላቸው፥ የሚበዙት በአንዱ ሽቦ ብቻ የድንጋዩን ራስ ከአምፖሉ ጋራ አገናኝተው ብርሃኑን ይጠብቁ ጀመር። ሁለተኛው ሽቦ በጠረጴዛው ላይ ሥራ ፈትቶ ቀረ። አምፖሉም ባልበራ ጊዜ አንዲት ልጅ «ድንጋዩ ሞቷል» አለች። ድንጋዩ ግን አልሞተም ነበር፤ የሞተው ትምህርቱ ነው። ጥፋቱም የልጆቹ ሳይሆን እኛ መምህራን ቃሉን ሰጥተን ነገሩን የነፈግናቸው ነን።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልጆች የመብራትን ዑደት በገዛ እጃቸው እየሠሩ እንዲያውቁት፥ ኋላም መብራቱ መቼ እንዲበራና መቼ እንዲጠፋ በትእዛዝ ማስተዳደርን እንዲማሩ የሚረዳውን መንገድ በየተራው እንገልጻለን።

1ኛ። ይህ ትምህርት ለእምድብር ልጆች የሚያስፈልግበት ምክንያት

እምድብር ከወልቂጤ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በቸሃ ምድር ያለች ከተማ ናት። በከተማዋ የመብራት መስመር ተዘርግቷል፤ በገጠሩ ግን መስመሩ ገና ያልደረሰው ቤት ብዙ ነው። ነገር ግን መስመሩ የደረሰውም ያልደረሰውም ልጅ ኤሌክትሪክ ከሩቅ አገር የመጣ ምትሐት እንዳይመስለው ያስፈልጋል። በጉራጌ ተራሮች የሚዘንበው ዝናብ በዋቤ ወንዝ ወርዶ ከጊቤ ይገናኛል፤ ጊቤም ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ይባላል። በዚሁም ወንዝ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስተኛ ግድብ በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማመንጨት ኃይሉም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ በቸሃ ጎጆ ክዳን ላይ የሚወርደው ጠብታ ተሰብስቦ የአዲስ አበባን መብራት ከሚያበራው ኃይል ውስጥ ድርሻ አለው ማለት ነው። ይህን የሰማ ልጅ ትምህርቱን እንደ ባዕድ አያየውም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕይወትን ስለ መጠበቅ ነው። በአገራችን በየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ይህም ሰውን ይገድላል። ዑደት ምን እንደ ሆነ በእጁ ያላወቀ ልጅ የወደቀ ሽቦ ሲያይ እንደ ገመድ ሊያነሣው ይችላል። ያወቀ ልጅ ግን ገላው ራሱ የመንገዱ ክፍል ሊሆን እንደሚችል ያስተውላልና ርቆ ቆሞ ታላቁን ይጠራል።

ሦስተኛውም ዘመኑ ራሱ ነው። መንግሥታችን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት የዐረብ ኤሚሬቶች ጋራ በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የኮምፒዩተርን ትእዛዝ መጻፍ እንዲማሩ የሚያደርግ ሥራ ጀምሯል። በጉብሬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም በ2004 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከፍተኛ ትምህርት ለጉራጌ ልጅ ከደጁ ቀርቧል። ከመንደር ትምህርት ቤት ተነሥቶ እዚያ የሚደርሰው ልጅ ግን መሠረቱን ከሕፃንነቱ ሊይዝ ይገባዋል።

2ኛ። ስለ መሣሪያው

ለዚህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ለአንድ ቡድን፥ ይኸውም ለአራት ልጆች፥ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፥ ሦስት ትንንሽ የኤልኢዲ መብራት፥ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ሦስት፥ ጥቂት ክንድ ቀጭን ሽቦ፥ ካርቶንና ፕላስተር ይበቃል። የኤልኢዲ መብራት ከተሰበረ የእጅ ባትሪ ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያ ቀይ መብራት መምረጥ ይሻላል፤ ቀዩ ወደ 2 ቮልት ሲበቃው ነጩና ሰማያዊው ወደ 3 ቮልት ይፈልጋሉና፥ በሁለት ድንጋይ ደክመው ይበራሉ፥ ወይም ከነጭራሹ አይበሩም። ይህን ያላወቀ መምህር በልጆቹ ፊት እንዳያፍር አስቀድሞ ብቻውን ይሞክረው።

የባትሪ ድንጋይ ጥንተ ነገሩ ቮልታ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1800 ዓመተ ምሕረት የብርና የዚንክን ዝርግ በጨው ውኃ ከራሰ ጨርቅ ጋራ ደራርቦ ያቆመው ክምር ነው። «ቮልት» የሚለውም ስም የተወሰደው ከርሱ ነው። የኤልኢዲ መብራት ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ ለዐይን የሚታየው ቀይ በ1962 ተገኘ፤ ሰማያዊውን ያገኙት ሦስት የጃፓን ተወላጆች ሊቃውንት በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

3ኛ። የመጀመሪያው ቀን፤ መንገዱን ስለ መዝጋት

መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ትርጓሜ አይስጥ። መሣሪያውን አከፋፍሎ «አብሩት» ብቻ ይበል፥ ከዚያም ዝም ብሎ ይመልከት። ልጆቹ ይሳሳታሉ፤ ይሳሳቱ። ከቡድኖቹ አንዱ ሲሳካለት ሌሎቹ መጥተው ይመልከቱ፥ ከዚያ በኋላ ብቻ «ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጆቹም ራሳቸው «ከድንጋዩ አንድ ጫፍ ተነሥቶ በመብራቱ አልፎ ወደ ሌላው ጫፍ የሚመለስ መንገድ ያስፈልጋል» ይላሉ። ይህ መንገድ ነው ዑደት የሚባለው፤ በመንገዱ የሚሄደውም ኮረንት ይባላል።

በዚህ ጊዜ አንድ የተለመደ ስሕተት ይነሣል። ልጆች ኮረንቱን መብራቱ በልቶ የሚጨርሰው ይመስላቸዋል። ይህን ለማቅናት መምህሩ የጭነት አህዮችን ምሳሌ ይንገራቸው። ዐሥር አህያ ቆጮ ተጭኖ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ጭነቱ በገበያው ይራገፋል፤ ዐሥሩም አህያ ባዶውን ይመለሳል፥ ዳግመኛም ይጫናል። አህያው አልጎደለም፤ የተራገፈው ጭነቱ ነው። እንዲሁም ኮረንቱ ከመብራቱ በፊትና ከመብራቱ በኋላ መጠኑ አንድ ነው፤ በመብራቱ የሚራገፈው ከድንጋዩ የተጫነው ኃይል ነው። የመመለሻው መንገድ ቢቆረጥ አህዮቹ ሁሉ ባሉበት ይቆማሉ፤ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራውም ይህንኑ መንገድ በመክፈትና በመዝጋት ነው።

የኤልኢዲ መብራት አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ በአንድ ወገን ብቻ ያሳልፋል። ረጅሙ እግሩ ወደ ድንጋዩ አዎንታዊ ጫፍ፥ አጭሩ እግሩ ወደ አሉታዊው ጫፍ ሊሆን ይገባል። ባይበራ እግሩን ማገላበጥ ነው።

ከዚህ አያይዞ ልጆቹ መንገዱን በአንድ ስፍራ ቆርጠው በመካከሉ ልዩ ልዩ ነገር እያስገቡ ይፈትኑ፤ ምስማር፥ ሳንቲም፥ ማንኪያ፥ የደረቀ እንጨት፥ የእንሰት ቃጫ፥ ፕላስቲክ። የሚያሳልፈውንና የማያሳልፈውን በሁለት ተራ ይጻፉ፤ ነገር ግን ከመሞከራቸው በፊት «ያሳልፋል» ወይም «አያሳልፍም» ብለው ግምታቸውን አስቀድመው ይጻፉ። የገመተ ልጅ ውጤቱን በናፍቆት ይጠብቃልና።

4ኛ። ጀፎረ፤ ስለ ተከታታይና ስለ ጎንዮሽ ዑደት

የጉራጌ መንደር በዓለም ካሉ መንደሮች የሚለይበት ጀፎረ አለው። ጀፎረ በሰፊው የተዘረጋ የሣር ሜዳ መንገድ ነው፤ ጎጆዎቹም ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደርሱ ያዞራሉ። ሰርጉም ለቅሶውም ሸንጎውም በርሱ ላይ ነው፤ ማንም አጥሮ ለራሱ እንዳይወስደው የአባቶች ሥርዓት ይጠብቀዋል። ይህ ጀፎረ ለኤሌክትሪክ ትምህርት እጅግ የተመቸ ምሳሌ ነው።

ልጆቹ በአንድ ሰፊ ካርቶን ላይ ጀፎረን ይሥሩ፤ በግራ ሦስት፥ በቀኝ ሦስት የካርቶን ጎጆ ያቁሙ። በጀፎረው ርዝመት ሁለት ሽቦ ይዘርጉ፤ አንደኛው ከድንጋዮቹ አዎንታዊ ጫፍ፥ ሁለተኛው ከአሉታዊው ጫፍ ይነሣል። እያንዳንዱም ጎጆ የራሱን ኤልኢዲና የራሱን ሬዚስተር ይዞ ከሁለቱ ሽቦዎች ጋራ ይገናኛል። አሁን የአንዱ ጎጆ መብራት ቢነቀል የሌሎቹ አይጠፋም። ይህ ጎንዮሽ ዑደት ይባላል፤ የከተማውም ቤቶች መብራት የሚደርሳቸው በዚህ ዐይነት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት መብራት በአንድ መንገድ ላይ አንዱን ከሌላው ኋላ አድርገው ያገናኙ። በሁለት ድንጋይ፥ ማለት በ3 ቮልት፥ ሁለቱም ይጨልማሉ፤ ሁለት ቀይ መብራት 4 ቮልት ያህል ይፈልጋልና። አራት ድንጋይ አድርገው በመንገዱ ላይ ሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ቢቀጥሉ ይበራሉ፤ ነገር ግን አንዱ ቢነቀል ሁለቱም ይጠፋሉ። ይህ ተከታታይ ዑደት ይባላል። መምህሩም «የመንደራችሁ መንገድ በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ የሚያልፍ ቢሆን፥ እርሱም በሩን ቢዘጋ ምን ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ልጆቹ ጀፎረ ለምን የሁሉ እንደ ሆነና የቤት መብራት ለምን በጎንዮሽ እንደሚዘረጋ በአንድ ጊዜ ይገባቸዋል።

5ኛ። ስለ ልኬቱ

ከፍ ላሉት ክፍሎች ሒሳቡን ማሳየት ይገባል። ጌኦርግ ኦም የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፥ ቮልት ማለት አምፔር በኦም ሲባዛ ነው። ሁለት ድንጋይ 3 ቮልት ይሰጣል፤ ቀዩ መብራት 2 ቮልት ይይዛል፤ 1 ቮልት ይተርፋል። በመብራቱ 10 ሚሊ አምፔር፥ ማለት የአምፔር መቶኛ እጅ፥ እንዲያልፍ ብንፈልግ፥ 1ን በ0.01 ስናካፍል 100 እናገኛለን። ስለዚህ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር መረጥን። በጀፎረው ላይ ስድስቱም ጎጆ ሲበራ ከድንጋዮቹ የሚወጣው 60 ሚሊ አምፔር ነው፤ አንዱ ሲጠፋ 50 ይሆናል። ልጁ ሒሳቡን ከብርሃኑ ጋራ ሲያስተያየው ቁጥር ሕይወት እንዳለው ያውቃል።

6ኛ። መብራትን በትእዛዝ ስለ ማስተዳደር፤ በመጀመሪያ ያለ ኮምፒዩተር

ፕሮግራም ማለት አስቀድሞ በተራ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ይህ አሳብ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ዣካር የተባለው ፈረንሳዊ በ1804 የሸማ መሥሪያን በተበሳ ካርቶን እንዲታዘዝ አድርጎ ነበር፤ ቀዳዳው ባለበት ክሩ ይነሣል፥ በሌለበት ይቀራል። የእኛም ሸማኔ ጥለት ሲጥል ክሩን እየቆጠረ የሚሠራው በአሳቡ በተጻፈ ትእዛዝ ነው።

ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤት ይህንኑ በአንድ ባዶ የወተት ጣሳ ሊያሳይ ይችላል። ጣሳው ቀለም ወይም ልባስ ያለው እንደ ሆነ ብረቱ እስኪታይ በአሸዋ ይፈተግ። በመካከሉም እንጨት አስገብቶ በሁለት መቆሚያ ላይ እንዲሽከረከር ማድረግ ነው። በላዩ ወረቀት ይጠቅለል፤ ነገር ግን ከአንድ ወገን ጠርዙ ራቁቱን ይቅር። ወረቀቱ በቁመቱ ሦስት ረድፍ፥ በዙሪያው ዐሥራ ሁለት ክፍል ተደርጎ ይሠመር። ከድንጋዩ አዎንታዊ ጫፍ የሚመጣው ሽቦ ራቁቱን ጠርዝ እየነካ ይቁም። ሌሎች ሦስት ሽቦዎች በሦስቱ ረድፎች ላይ ተጭነው ይቁሙ፤ እነርሱም አንዱ ወደ ቀይ፥ አንዱ ወደ ቢጫ፥ አንዱ ወደ አረንጓዴ መብራት ረጅም እግር ይሂዱ፤ የመብራቶቹም አጭር እግር በየራሱ ሬዚስተር ወደ አሉታዊው ጫፍ ይመለስ። አረንጓዴው ከቀዩ ደክሞ ቢታይ ሦስተኛ ድንጋይ ተጨምሮ ሬዚስተሮቹ ወደ 270 ኦም ከፍ ይበሉ።

አሁን ወረቀቱ በተቀደደበት መስኮት ሽቦው ብረቱን ይነካል፥ መብራቱም ይበራል፤ ወረቀቱ በደፈነው ስፍራ ይጠፋል። ልጆቹ በአዲስ አበባ መስቀለኛ መንገድ የሚቆመውን የትራፊክ መብራት ይሥሩ፤ በቀዩ ረድፍ አምስት ክፍል፥ ቀጥሎ በቢጫው አንድ፥ ቀጥሎ በአረንጓዴው አምስት፥ ቀጥሎ ዳግመኛ በቢጫው አንድ ይቅደዱ። ድምሩ ዐሥራ ሁለት ነው። ጣሳው ሲዞር መብራቱ በተራው ይለዋወጣል። ወረቀቱን ለውጦ ሌላ ቢያለብሱት፥ ሽቦው ሳይነካ ሌላ ሥራ ይሠራል። ሽቦው አካል፥ ወረቀቱ ትእዛዝ እንደ ሆነ ልጁ በዚህ ያስተውላል፤ ይህንም ያስተዋለ ልጅ የኮምፒዩተርን ምሥጢር ግማሽ አውቋል።

7ኛ። በኮምፒዩተር ስለ ማዘዝ

አንድ ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይለፍ። ማይክሮቢት የምትባል ከልጅ መዳፍ የምታንስ ሰሌዳ አለች፤ በ2016 በእንግሊዝ አገር ወደ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጉ ተማሪዎች በነፃ ታድላለች። በላይዋ 25 ትንንሽ ቀይ መብራቶችና ሁለት መጫኛ ቁልፎች አሉባት፤ በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። ትእዛዙ በኮምፒዩተር ላይ እንደ ጡብ በሚገጣጠሙ ቃላት ተጽፎ በገመድ ወደርስዋ ይተላለፋል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ተለይቶ ሰሌዳዋ ብቻዋን ትታዘዛለች። ስለዚህ አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ቡድን ይበቃል። ከሰሌዳዋ ውጭ መብራት ሲገጠም ባለ 220 ኦም ሬዚስተር ይደረግ፤ ብዙ ኮረንት እንዳይጎዳት ነው።

ልጆቹ ሦስት ነገር ይማሩባት። አንደኛው ተራ ነው፤ ለመስቀል በዓል ትንሽ የደመራ ምስል ሠርተው ከታች፥ ከመካከልና ከጫፍ ሦስት መብራት ያድርጉ፤ እሳቱ ከሥር ወደ ላይ እንደሚወጣ ሆኖ በየተራ ይብራ። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፤ ያንኑ ሥራ መቶ ጊዜ ሳይጽፉ «ደጋግም» በሚል አንድ ቃል ያዝዙ። ሦስተኛው ሁኔታ ነው፤ ሰሌዳዋ የብርሃንን መጠን ከ0 እስከ 255 መለካት ትችላለችና፥ «ብርሃኑ ከ50 ቢያንስ አብራ፥ ያለዚያ አጥፋ» ብለው ጽፈው የካርቶኑ ጀፎረ ሲመሽ በራሱ ጊዜ እንዲበራ ያድርጉ።

መብራቱ እንደ ታዘዘው ባልሆነ ጊዜ መምህሩ ቸኩሎ አያስተካክል። «ድንጋዩ ደኅና ነውን? የመብራቱ እግር ተገላብጧልን? ሽቦው ላልቷልን? ወይስ የተሳሳተው ትእዛዙ ነው?» እያለ አንድ አንዱን ብቻ እየለወጡ እንዲፈልጉ ያስተምራቸው። ለፈተናም ቢሆን ትርጓሜ ከማስጻፍ ይልቅ መምህሩ በተሠራ ዑደት ላይ አንድ ጥፋት ሰውሮ አግኙት ቢላቸው ይሻላል። ስሕተትን በትዕግሥት መፈለግ ለዶክተርም ለመካኒክም ለነጋዴም የሚጠቅም ጠባይ ነው።

8ኛ። ማስጠንቀቂያ

መምህራን ሆይ፥ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ። ለዚህ ትምህርት ከግድግዳ የሚወጣ ኤሌክትሪክ በፍጹም አይነካ። አሮጌ የሞባይል ባትሪ በገጠሩም በቀላሉ ይገኛልና ልጆች ሊያመጡት ይወዳሉ፤ ነገር ግን ሲበሳ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ሲገናኙ በእሳት ሊነድ ይችላልና አይፈቀድ። የድንጋይ ሁለት ጫፍ ያለ መብራት በሽቦ ብቻ አይገናኝ፤ ይግላል፥ ፈጥኖም ያልቃል። እንደ አዝራር ያሉ ትንንሽ ባትሪዎች ሕፃን ቢውጣቸው ጉሮሮውን አቃጥለው ሊገድሉት ይችላሉ፤ ስለዚህ ተቆጥረው ይሰጡ፥ ተቆጥረው ይመለሱ። ያለቀው ድንጋይ አይሰበር፥ በእሳትም አይጣል።

ደግሞም ቡድን ሲከፈል ወንዶቹ ሽቦ ይዘው ሴቶቹ ጻፊዎች ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ መምህሩ ይጠንቀቅ። መሣሪያው በየተራው በሁሉም እጅ ይለፍ።

የጉራጌ ሰው መንግሥትን ሳይጠብቅ ገንዘቡን አዋጥቶ መንገድ በመሥራት በኢትዮጵያ የታወቀ ነው። በመስቀልም ጊዜ በየከተማው የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ያን ጊዜ ተማሪዎቹ የሠሩትን የካርቶን ጀፎረ በእውነተኛው ጀፎረ ላይ አውጥተው ሲመሽ ቢያበሩት፥ ወላጆችም እንግዶችም አይተው ይደሰታሉ፤ ለሚቀጥለውም ዓመት ድንጋይና ሽቦ የሚያዋጣ ሰው አይታጣም። ከሁሉ በላይ ግን ያ «ድንጋዩ ሞቷል» ያለችው ልጅ ሁለተኛውን ሽቦ አንሥታ መንገዱን በገዛ እጅዋ የምትዘጋበትን ቀን ማየት ለመምህር ትልቅ ደመወዝ ነው። የጀመርነውን እንድንፈጽመው እግዚአብሔር ይርዳን።